የግራ እጅ ጾም

ባሕር ዳር
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ ደቅ

መሪጌታ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወይዘሮ ሸዋዬስ ወገባቸው ተሻላቸው? ልጅዎን ትንቢትን እንኳ አልጠይቅም፤ በደብዳቤዎ ጠርዝ ላይ በከሰል የሳለችልኝ ዓሣ ደኅና መሆኗን ነግሮኛል። ሦስት ዓይን ያለው ዓሣ በጣና ይኑር አይኑር እርስዎ ያውቃሉ። በግራ እጇ እንደሳለችው ግን ከመስመሩ ዐውቄባታለሁ፤ «መምህርትሽ ነቅታብሻለች» ይበሉልኝ።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከጻፉት በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። በጀልባው ማንጎ የሚያመላልሰው አንዳርጋቸው ኪሱ ውስጥ ረስቶት ከነሱሪው ሊያጥበው ሲል ነው ያገኘው። ደሴቱ ላይ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ሁላችንም የምንኖረው በዚህ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ምን እናድርግ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ ብልም ውሸት ይሆንብኛል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ነው የሚሉኝ። ስሙ ረዘመ እንጂ ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ሕፃን ቁልፉን መቆለፍ፣ እርሳስ መጨበጥ፣ የምሳ ዕቃውን መክፈት ሲያቅተው አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪችል ድረስ አብሬው እታገላለሁ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ «የቁልፍ መምህርት» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ለየትኛው ልጅ ምን እንደሚያስፈልግ የምትወስነው ግን ባለሙያዋ ሔራን ናት። ከጎንደር በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ልጆቹን ታያለች፣ የሚሠራውን በወረቀት ትጽፍልኛለች፣ እኔ የጻፈችውን አሠራለሁ። መንገዱ ከተበላሸ ወዲህ ሦስት ወር ሆነኝ ካየኋት።

የትንቢት ነገር እንዲህ ነው። ቀኝ እጇ ከልደቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ግን አልሞተም፣ ይህን ልብ ያድርጉልኝ። ግራው ጎበዝ ስለሆነ ሁሉን ነገር እየቀደመ ይሠራባታል። ቀኙ ደግሞ ተቀምጦ መብላት ለምዷል። ስለዚህ እኔ ክፍል ስትመጣ ግራ እጇ ላይ ሰፊ ካልሲ አጠልቅላትና «ግራው ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሽው» እላታለሁ። ያን ጊዜ ቀኙ ሳይወድ በግዱ ባቄላ ይለቅማል። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ እየሣቅን። ታኅሣሥ ላይ አምስት ባቄላ ለቀመች፣ ጥር ላይ ዐሥራ ሁለት። በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ ባይዘጋና ከአክስቷ ቤት ወደ ደሴቱ ባይመልሷት ኖሮ ሃያ እናደርሰው ነበር። ቤትም ይህንኑ ያድርጉላት።

«በቀኝ እጇ የምታማትብበትን ቀን አይ ይሆን?» ያሉኝን አምስት ጊዜ አነበብሁት። ያያሉ ብዬ ቃል የመግባት ሥልጣን የለኝም፤ ረዳት ነኝ። ነገር ግን አይዞዎት። አብዝተው ቢያሠሯት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

አክባሪዎ
እናትዓለም

*

ደቅ
መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም፣ ባሕር ዳር

ልጄ ሆይ፣ ጾሙ እንዴት ያዘሽ? እኛ የቅበላውን ዓሣ በልተን፣ ድስቱን አጥበን ሰቅለን፣ ደኅና ገብተናል። የሸዋዬ ወገብ ተሽሎታል፤ ተሽሎታል የምትለው እንግዳ ሲመጣ ነው እንጂ። ዓሣው ሦስት ዓይን ያለው አንዱ ለጀርባው ነው ትላለች ትንቢት። ከኋላው የሚመጣውን መረብ እንዲያይበት ነው አሉ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ፣ አንድ ጊዜ በልቤ አነበብሁት። አሁን በቃሌ ነው። እኛ እንዲህ ነን፣ በቃል ካልያዝነው ያነበብነው አይመስለንም። ያን የመጨረሻውን ቃልሽን ደግሞ ለሸዋዬ ስነግራት አለቀሰች። በስድስት ዓመት ውስጥ «አይዟችሁ» ያለን ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ሌላው ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል።

እኔና እሷ ተመካከርን። ልጅ በጨዋታ ይማራል የሚባለውን እኔ እምብዛም አላምንበትም። ዜማ ስማር ያጫወተኝ የለም። ግማሽ ሰዓትስ ምን ይሠራል? አንድ መስመር አይቆምበትም። አብዝተው ቢያሠሯት ይጠቅማል ብለሻል፤ እኛ ደግሞ አንድን ነገር አጥብቀን ስንፈልግ እንጾምበታለን። ስለዚህ በቅበላው ማግስት ሰኞ ጠዋት ጸሎት አድርሼ የትንቢትን ግራ እጅ ሱባኤ አስገባሁት። እስከ ትንሣኤ ግራው ይጾማል፣ ቀኙ ይሠራል ብዬ ተሳልሁ።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር ያሰብሁት። ግን ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ብፈታው ግራው ተስገብግቦ ማንኪያውንም፣ ኩባያውንም፣ የድመቷን ጅራትም በአንድ ጊዜ ያዘ። ቀኑን ሙሉ የለፋንበትን በአንድ አፍታ አፈረሰው። ከማክሰኞ ወዲህ አልፈታሁትም።

ካልሲ እዚህ ያለው የእኔ ብቻ ነው፤ እሱም ተረከዝ የለው። ሸዋዬ ከአሮጌ ነጠላዬ ከረጢት ሰፋችላት። ልጅቱ ግን የዋዛ አይደለችም፣ ጣቶቿን ከውስጥ እያንቀሳቀሰች፣ ማሰሪያውን በጥርሷ እየጎተተች ትፈታዋለች። ስለዚህ ጣቶቿን አጥፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንጓዋ ላይ አጠበቅሁት። አሁን አርፋለች።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሸዋዬ ስትተኛ ይፈታላት ትላለች። እኔ ጾም በእንቅልፍ አይፈርስም ብያታለሁ። ማናችን ነን ልክ?

አባትሽ
መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ

*

ባሕር ዳር
መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣ ሰላምታው ይቆየኝ። መጀመሪያ ይፍቱላት። ይህን ደብዳቤ አንብበው ሳይጨርሱ ተነሥተው ይፍቱላት፣ ከዚያ የቀረውን ያነባሉ።

ፈቷት? እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጥፍሮቿን ይዩልኝ። አንዱን ጥፍር በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁት መጀመሪያ ይነጣል፣ ወዲያው ደግሞ ደሙ ይመለሳል። ሳይመለስ ከቆየ፣ ወይም ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ሲነኳት «አልሰማኝም» ካለች ሐኪም ዘንድ ያምጧት። ካልተዘረጉላት ግን በጉልበት አይዘርጓቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ጣት ለጋ ነው፤ ታጥፎ ሲከርም ታጥፎ መቅረት ይለምዳል። አንጓው ላይ የጠበቀ ጨርቅ ደግሞ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል፤ እሱ አንዴ ከተጎዳ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

ማናችን ነን ልክ ላሉኝ፣ ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። ስትተኛም፣ ስትበላም፣ ስትሮጥም ይፈታል። ልጅ ስትወድቅ የምትደገፈው በእጇ አይደል?

እኔ ግማሽ ሰዓት ነው ያልሁት። ካልሲ ነው ያልሁት። እየሣቅን ነው ያልሁት። «ደብዳቤሽ በቃሌ ነው» ብለዋል፤ ታዲያ ይህን ይህን የት ጣሉት? የሕፃን እጅ ምን በደለና ይጾማል?

ለታላቅ እንዲህ እንደማይጻፍ ዐውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ። 

እናትዓለም

*

ባሕር ዳር
መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣ ያለፈው ደብዳቤዬ እዚሁ ከእኔ ጋር ነው ያለው። አንዳርጋቸው የእርስዎን ባመጣልኝ በማግስቱ ጀልባ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። እስከ መቼ ስል «እስኪፈቀድ» ይሉኛል። ማን እንደሚፈቅድ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንዳርጋቸው ወደቡ ዳር ተቀምጦ የጀልባውን ቀለም ይፍቃል። ማንጎው በስብሶበታል፤ እሱም እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ በየቀኑ ስለምጨቀጭቀው።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። አንዱን እሱ ይዞታል። አንዱን ለዓሣ አጥማጆች ሰጠሁ፤ እነሱም ከዳር አይርቁም። አንዱን ወደ ቆላ ድባ እህል ሊሸምት የሚሄድ ነጋዴ ወሰደልኝ። በሰሜን በኩል ባለው ዳር የሚሻገር ሰው ካገኘ እንዲሰጥልኝ ለመንሁት፣ እሺ አለኝ። እሺ ያለኝ እንድሄድለት ይመስለኛል። ስልኩንም አልተውሁም። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ከእናቴ ድምፅ በላይ ለምጄዋለሁ። ሔራንም ዘንድ ብደውል እሷው ናት የምታነሣው።

ሐሙስ ዕለት ብቻዬን ክፍሌ ገባሁ። ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ የትንቢት ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የግራ እጄን ጣቶች አጥፌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እርስዎ እንደጻፉልኝ አንጓዬ ላይ በጥርሴ ጎትቼ አጠበቅሁት። እስከ ፋሲካ ልሞክረው አላልሁም፤ እስከ ማታ ብዬ ነበር። እስከ ምሳ ብቻ ቻልሁ። መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ቀጥሎ ነዘረኝ፣ በኋላ ምንም አልተሰማኝም። የፈራሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። ምንም የማይሰማት ልጅ አታለቅስም፤ እርስዎም ዝም ስትል ደኅና ናት ይላሉ።

መሪጌታ፣ «አሁን አርፋለች» ያሉኝን ቃል ከዐሥር ቀን ወዲህ ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልሁም።

እናትዓለም

*

ደቅ
መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም

ዝም አልሽን። ተቀይመሽን ይሆን? ሸዋዬ «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ጀልባ ከማየት ዓይኔ ቆስሏል። መነኩሴው አባ ኃይለ ገብርኤል የእግራቸው ቁስል ስለጠናባቸው በታንኳ ዳር ዳሩን እየተንፏቀቁ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ሊወጡ ነውና ይህችን በእሳቸው እሰድዳለሁ።

የምሥራች ልንገርሽ ነው የተቀመጥሁት። እሑድ መፃጉዕ ነበር። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው ተነሥቶ የሄደበት ወንጌል ሲነበብ ትንቢት ከእናቷ ጎን ቆማለች። ካህኑ ባረከ። እኔ ከማኅሌቱ በኩል ሆኜ ዓይኔን ጣል ባደርግ ልጄ ቀኝ እጇን አነሣች። ግንባሯ ላይ ሊደርስ ሲል ወደቀ። እንደገና አነሣችው። ግንባሯን ነካች፣ ሆዷን ነካች፣ ግራ ትከሻዋን ነካች፣ ወደ ቀኝ ስታመጣው አገጯን መታች። ትምታው፤ ግን አማተበች። ዜማው ከአፌ ጠፋ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዜማ ሲጠፋኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ጓደኞቼ ሣቁብኝ፣ ይሣቁ።

ባቄላውም ሃያ ደርሷል። ልጄ፣ አንቺ ያልሽው ሁሉ ሆነ። እግዚአብሔር በዚያ በረዥሙ ስም ሥራሽ ላይ ይጨምርልሽ።

ግራ እጇ እየጾመ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ይነዝረኛል፣ ይነዝረኛል» እያለች አስቸግራን ነበር። ድካሙ ሲወጣ ነው፣ ታገሺ አልኋት። ከዚያ ወዲህ ትታዋለች። ሸዋዬ እንፍታላት ብላ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። እኔም አንዳንዴ ልቤ ይባባል፤ ግን የተሳልሁትን ሳልጨርስ ብፈታው፣ ቀኙ ደግሞ ተመልሶ ቢተኛ፣ ማን ይጠየቃል? ይልቅ ደብዳቤሽን በልቤ እየደገምሁ እጽናናለሁ። ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ለትንሣኤ አብረን እንፈታታለን፣ ብትመጪ ደስ ይለናል።

አባትሽ
መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ

*

ባሕር ዳር
ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣

አባ ኃይለ ገብርኤል ደብዳቤዎን ትናንት ሰጡኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ ብል ይቀልብዎታል። አሁኑኑ ይመለሱልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ሽማግሌው የእግራቸውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከትንሣኤ በፊት መርገጥ አይችሉም። እጇን አዩት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከረጢቱን ነው ያየሁት አሉኝ፤ ንጹሕ ነው፣ እናቷ በየሳምንቱ ታጥበዋለች አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ልሻገር ወደቡ ሄድሁ። ቦርሳዬን ይዤ፣ ለሁለት ቀን ስንቅ ቋጥሬ። የሚጠብቁት ልጆች ጨዋዎች ናቸው፣ «እኅታችን፣ ተመለሽ» አሉኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። አንደኛው አዘነልኝ፤ ማዘን ብቻ ነው ግን የሚችለው። ደሴቱ ከዚያ ላይ ሆነው አይታይም፤ እኔ ግን በዚያ በኩል ዐሥር ሰዓት እስኪሆን ድረስ ስመለከት ቆየሁ።

አሁን የደበቅሁትን ልንገርዎት።

መጋቢት 13 በጻፍሁት ተቆጥቼዎታለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው ያልሁት፣ ካልሲ ነው ያልሁት ብዬ እንደ ጠበቃ ተሟግቻለሁ። ስጽፈው ግን የየካቲቱን ደብዳቤዬን የመጨረሻ መስመር፣ «ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም» ያልሁትን፣ ዐውቀው ነበር። እርስዎ በቃልዎ የያዙትን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ዝም ያልሁት ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል ብዬ ነው። አፈርሁ።

ያን መስመር ሔራን አላዘዘችኝም። ሔራን «መጠኑን ካልጻፍሽ ሥራውን አትጻፊ» እያለች ነው ያሠለጠነችኝ። እሷን ሳላስፈቅድ ለቤተሰብ አንድ ቃል መጻፍም አይገባኝም ነበር። ግን እርስዎ «የምታማትብበትን ቀን አይ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እርስዎን የሚያህል ሊቅ፣ እኔን የመራዊ ተወላጇን የቁልፍ መምህርት። ባዶ እጄን መመለስ ከበደኝ። ደስ እንዲልዎት አንድ መስመር ጨመርሁ። ስጨምረው እኔንም ደስ አለኝ፤ ሐኪም የሆንሁ መሰለኝ። ይህን የጻፈ እጄን ምነው በቆረጠው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣው ደግሞ ሐይቅ ተሻግሮ ልጅ አሰረ።

ስላማተበች ደስ ብሎኛል። አለቀስሁም። ይህንንም ልዋሽዎት አልፈልግም፤ መስመሩን ሳነብ ለአንድ አፍታ ልክ ነበርሁ ማለት ነው ብያለሁ። ወዲያው ቀጥሎ «ከዚያ ወዲህ ትታዋለች» የሚለው መጣ።

ይህን ደብዳቤ ከሁለቱ ጋር አስሬ ለአንዳርጋቸው ሰጥቼዋለሁ። ጀልባው በተፈቀደ ሰዓት ይነሣልኛል። ከጀልባው ሳይወርድ እንዲጠራዎት አስምዬዋለሁ። እስከዚያ የማደርገው የለኝም። መሳቢያዬን ከፍቼ ካልሲውን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

ይፍቱላት፣ መሪጌታ። ስእለቱን በእኔ ላይ ያድርጉት፤ ከፈረሰም በእኔ ይፍረስ።

እናትዓለም

*

ደቅ
ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእናትዓለም

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ትናንት በአንድ ላይ ደረሱ። አንዳርጋቸው ገና ከውኃው ላይ ሳለ ስሜን ጠራ። እዚያው ዳር ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ከፈትሁ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ወደ ቤት ሮጥሁ። ከዲቁና ጀምሮ ሮጬ አላውቅም።

ፈታኋት። ሠላሳ ስምንተኛ ቀኗ ነበር።

እንደጻፍሽልኝ ጥፍሯን ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ደሙ ተመለሰ፣ ዘግይቶ ግን ተመለሰ። ዘርጊ አልኋት። ሁለቱ ጣቶቿ ተዘረጉ። ሦስቱ እንደታጠፉ ናቸው፤ በጉልበት አትዘርጉ ስላልሽ አልነካኋቸውም። ሸዋዬ በዶሮ ላባ ዳሰሰቻት። ትንቢት ዓይኗን ጨፍና «እዚህ ነው፣ እዚህ ነው» እያለች ስትመልስ ቆይታ ላባው ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ «ለምን አቆምሽ?» አለቻት። አላቆመችም ነበር። ሸዋዬ ላባውን ጥላ ወደ ጓሮ ወጣች። ከእኔ ጋር አትነጋገርም፤ ልክ ናት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ይፈራልኛል፣ አንዱ ያለቅስልኛል። አንድ መስመር ጨመርሁ ብለሽ ራስሽን ታርጃለሽ። ስሚኝ፣ ልጄ። አንቺ አንድ መስመር ብትጨምሪ እኔ ሠላሳ ስምንት ቀን ጨመርሁበት። ግማሽ ሰዓት ያልሽውንም፣ እየሣቅን ያልሽውንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዛሬም ብትጠይቂኝ አንድ ፊደል ሳላስቀር እወጣዋለሁ። የያዝሁት ግን ለመድገም ነበር፤ የፈለግሁትን አንድ መስመር ብቻ ኖርሁበት። «ይነዝረኛል» ብላ የጠራችው ደግሞ አንቺን አይደለም። አንድ ክንድ ርቀት ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ። አንቺ ባሕር ዳር ሆነሽ የሰማሽውን እኔ አጠገቧ ተኝቼ አልሰማሁትም።

ስእለቱን በእኔ ላይ ያድርጉት ያልሽውን አልቀበልም። የተሳልሁት በእሷ እጅ ነው፤ ጥፋቴም እሱ ነው፣ በራሴ እጅ መሳል ነበረብኝ።

እሑድ በአንዳርጋቸው ጀልባ እናመጣታለን፣ ተመልሶ ካልተከለከለ። አክስቷ ቤት እናርፋለን። የሚያያት ሐኪም ፈልጊልን፣ ሔራንንም የምታገኚበት መንገድ ካለ ሞክሪ። ይድናል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። እንዳትመልሺልኝ ነው የማልጠይቅሽ።

ሌላ ነገር ግን ልጠይቅሽ ግድ ሆነብኝ። ዛሬ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ትንቢት መጣች። እየዘመረች ነበር፣ ደስ ብሏታል፣ ከረጢቱ ስለወለቀላት እናቷ አጥባታለች። ሁለቱንም እጆቿን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ግራውን አየችው፣ ቀኙን አየችው። ከዚያ ቀሚሷ ሥር የደበቀችውን ያንን ከረጢት አወጣች፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ራሷ አውርዳው ነው፣ ገና እርጥብ ነበር።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «አሁን የሰነፈው ግራው ነው። በል ቀኙን እሰረው።»

የቀኝ እጇንም ጣቶች ራሷ አጥፋ አቀረበችልኝ።

ምን ልበላት?  ከረጢቱን ተቀብያት ደብተሮቼ ሥር ሸሽጌዋለሁ። እሷ ግን የጠፋ መስሏት ይህን ስጽፍልሽም ቤቱን እየዞረች ትፈልገዋለች።

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ